ወንድ ያሳደጋት

አማርኛችን «ሴት ያሳደገው» የሚል ስድብ አለው። ለወንድ ልጅ የሚሰነዘር ነው። አባት ያልተቆጣው፣ ቀበቶ ያላየ፣ ስድ አደግ ለማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ቃላት የሚሰደበው ልጁ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱም አብራ ትሰደባለች። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ሸጣ፣ የሰው ልብስ አጥባ ልጅ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ድካሟ ሁሉ አፈር ይበላል። ይኼ የታወቀ ነው፤ ብዙ ተብሎበታል። እኔን የሚገርመኝ የስድቡ ሌላኛው ፊት ባዶ መሆኑ ነው። «ወንድ ያሳደጋት» የሚል አባባል የለንም። ለስድብ የለንም፣ ለሙገሳ የለንም፣ ለሐዘኔታም የለንም።

አባባሉ የጠፋው ነገሩ ስለሌለ አይደለም። እናት በወሊድም በበሽታም ትሞታለች፤ ትታም ትሄዳለች፤ ትባረራለችም። ቋንቋው ግን ከዚያ በኋላ ልጅቷን አባቷ ያሳድጋታል ብሎ አልጠበቀም። አያት አለች፣ አክስት አለች፣ የክርስትና እናት አለች። ሁሉም ከጠፉ የእንጀራ እናት ትመጣለች፤ ለእሷማ ስንት ተረት ተዘጋጅቶላታል! አባት በተረቱ ውስጥ ብቅ ካለም አንድም ገበያ ሄዷል፣ አንድም ዘመቻ ወጥቷል።

እንግዲህ የአባትየው እንጀራ ራሱ ዘመቻ ሲሆን አስቡት። የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚመለስ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው፤ ከነጭራሹ ይመለስ አይመለስ የሚያውቅለትም የለም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሉ። ምን ያደርጋቸዋል? የጦርነት ታሪክ ስለ መድፍና ስለ ምሽግ ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ ይህችን ጥያቄ ግን እምብዛም አይነካትም። ከነኩት ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ በደብዳቤዎቹ የተነሣ ሳይወድ በግድ የነካው ማለቴ ነው፣ ራሱ የጦር አዛዥ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሱቮሮቭ ነው። በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ሄደው የሠለጠኑ መኮንኖቻችን ስሙን በሚገባ ያውቁታል። ለቀረነው ደግሞ በሌላ በር ይገባል፤ በፑሽኪን ቅድመ አያት በአብራም ሃኒባል በኩል። ሃኒባል የእኛ አገር ሰው ነው የሚሉ አሉ፣ ከቻድ ሐይቅ አካባቢ የተወሰደ ነው የሚሉም አሉ፤ ያ ክርክር እዚህ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የሱቮሮቭ አባት ወዳጅ መሆኑ ነው። ትንሹ አሌክሳንደር ቀጭንና ደካማ ስለነበር አባቱ ለውትድርና አላጨውም። እንደሚተረከው ከሆነ ሃኒባል ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ ልጁን በመጻሕፍትና በካርታ ተከቦ አገኘው፤ አነጋገረው፤ ከዚያ ወደ አባትየው ተመልሶ ልጁን በፈለገው መንገድ ይልቀቀው ዘንድ አግባባው። እውነት ከሆነ፣ ለሩሲያ ጦር አንድ ጄኔራል የሰጣት አንድ ጥቁር ጄኔራል ነው ማለት ነው።

ሱቮሮቭ ያገባው ዘግይቶ፣ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ በ1774 ነው። ሙሽራይቱ ቫርቫራ ፕሮዞሮቭስካያ የመሳፍንት ልጅ ነበረች። በ1775 ናታሊያ ተወለደች። ትዳሩ አልበረከተም። ባልየው ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው ሲል ይከርማል፤ ሲመለስ ጠብ ነው። ሚስቱን ወሽማ ይዛለች ብሎ ከሰሰ፤ በ1779 ፍቺ ጠየቀ፤ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፤ በ1784 ለዘለቄታው ተለያዩ። ናታሊያን ግን ገና አራት ዓመት ገደማ ሳለች ከእናቷ ወስዶ ሴንት ፒተርስበርግ ስሞልኒ ከሚባለው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቷት ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። ናታሊያ እናቷ የሞተችባት ልጅ አይደለችም። እናቷ እስከ 1806 በሕይወት ነበረች። እናት አልባ ያደረጋት አባቷ ነው። ስለ ሱቮሮቭ አባትነት በፍቅር የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ዘለው ወደ ደብዳቤዎቹ ይሮጣሉ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎቹ ቢሮጡላቸው የሚያስወቅሱ አይደሉም።

ከኪንቡርን የጻፈላትን እንውሰድ። ኪንቡርን ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ጥቁር ባሕር ዳር ያለች የአሸዋ ምላስ ናት። በ1787 መጸው ቱርኮች ከመርከብ ወርደው ሲያጠቁ ሱቮሮቭ ራሱ ከወታደሮቹ ጋር ተዋጋ፤ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። ናታሊያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ወሬው ስሞልኒ መድረሱ እንደማይቀር ያውቃል። ስለዚህ ራሱ ጻፈላት። ውጊያውን እሷና ጓደኞቿ ፀጉር እየተጓተቱ ከሚጣሉት ጠብ ትንሽ ከፍ ያለ አስመሰለው፤ ቀጥሎም የጭፈራ ግብዣ አስመሰለው። ጎኑ መመታቱን፣ ክንዱ መቀደዱን፣ የፈረሱ አፍንጫ መሄዱን፣ ሁሉንም እንደ ተራ የግብዣ ወሬ አወራላት። አልዋሸም። አንዱንም ቁስል አልደበቀም። ሕፃን ልጅ ልትሸከመው በምትችለው መጠን ቆርሶ ነው የሰጣት። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ ጥበብ እንደሆነ ያውቃል፤ አብዛኞቻችን ወይ እንደብቃለን ወይ እናስፈራራለን።

ሌሎቹም ደብዳቤዎች እንዲሁ ናቸው። የጸደይ ወፍ፣ የወንዝ ዓሣ፣ የሜዳ አበባ ይዘረዝርላታል። በደስታ ጊዜ የሞኝ ጨዋታ ይጫወታል። በ1789 ሪምኒክ በተባለው ወንዝ ዳር ድል አድርጎ ከሩሲያም ከኦስትሪያም ነገሥታት የቆንስላ ሳይሆን የኮንትነት ማዕረግ ሲሰጠው፣ አንቺም እኮ የሁለት መንግሥታት ኮንቴስ ሆነሻል ብሎ አበሠራት። በቁልምጫ «ሱቮሮችካ» ይላታል፤ የገዛ ስሙን አሳንሶና አጣፍጦ ነው የሰጣት። ይኼ ሁሉ ከድንኳን፣ በሻማ ብርሃን፣ ነገ ለሚሞቱ ሰዎች ትእዛዝ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ነው።

ታዲያ ይህ ማሳደግ ነው? እኔ እንጃ። ስሞልኒን ታላቋ ካትሪን በ1764 ስታቋቁመው ወላጆች አሥራ ሁለቱ ዓመት ሳይሞላ ልጃችንን መልሱልን እንዳይሉ ፈርመው ነበር የሚያስገቡት። ሐሳቡ ልጃገረዶቹን ከቤታቸው «ኋላ ቀር» ልማድ ቆርጦ አዲስ ዓይነት ሴት መፍጠር ነው። ናታሊያን ያጠባት፣ ያበላት፣ ስታለቅስ ያባበላት፣ ስትታመም ከራስጌዋ የተቀመጠው ሱቮሮቭ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሶፊያ ደ ላፎንና በእሷ ሥር ያሉ ሴቶች ናቸው። የወር አበባ ሲመጣባት ምን ማድረግ እንዳለባት የነገራት ማን እንደሆነ የጻፈ የለም። አባቷ እንዳልሆነ ግን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ፍቅሩ ሞልቶ የተረፈ ነበር፤ ሥራውን የሠሩት ሌሎች ነበሩ። ወንድሟ አርካዲ ደግሞ በ1784 ሲወለድ፣ አባትየው ልጄ አይደለም ብሎ ለዓመታት ዘጋው። ለአንዷ የተረፈው ለሌላው አልደረሰም።

በ1791 ከስሞልኒ ስትወጣ ንግሥቲቱ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰደቻት። ያን ጊዜ ነው አባትየው በእውነት የደነገጠው። የቱርክን ምሽግ ያልፈራ ሰው የቤተ መንግሥት አዳራሽ አስፈራው። ባል ሲፈልግላት ቆይቶ በ1795 ለኒኮላይ ዙቦቭ ተዳረች፤ የንግሥቲቱ ውሽማ ወንድም ነው። ይኸው አማች በ1801 ቀዳማዊ ጳውሎስ በተገደለበት ሌሊት ከነፍሰ ገዳዮቹ አንዱ ሆነ። በ1805 እሱም ሞተ። ናታሊያ በሠላሳ ዓመቷ መበለት ሆነች፤ ሌላ ባል ሳታገባ ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። በእኛ አነጋገር ወንዶቹ «ሴት ያሳደገችው» ሆኑ ማለት ነው።

ለአባትና ለልጅ የተፈቀደላቸው የጋራ ጊዜ የመጣው ውርደት ሲመጣ ነው። ጳውሎስ ሱቮሮቭን ከሠራዊቱ አሰናብቶ በ1797 ኮንቻንስኮዬ ወደምትባል ራቅ ያለች መንደር አጋዘው። ናታሊያ ወንድሟን አርካዲን ይዛ ሄደች። ሽማግሌው ጦር የለው፣ ትእዛዝ የለው፤ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ።

አሁን ግን ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ነገር ካላነሣሁ ሰውየውን ቅዱስ አድርጌው ልሄድ ነው። በታኅሣሥ 1790 ሱቮሮቭ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለውን የኢዝማይልን ምሽግ ሰበረ። ከቱርክ ወገን ከ20 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ ከተማዋ ለሦስት ቀን ለወታደር ዝርፊያ ተለቀቀች። በዚያች ከተማ ውስጥ የናታሊያ እኩዮች ነበሩ። እነሱም አባት ነበራቸው፤ ብዙዎቹ አባቶች ደግሞ በምሽጉ ላይ የወደቁት ናቸው። ለእነዚህ ልጆች ማንም የወፍና የአበባ ደብዳቤ አልጻፈላቸውም።

እነሱን ያስታወሳቸው እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። ሎርድ ባይረን በ«ዶን ሁዋን» ረጅም ግጥሙ ጀግናውን ወስዶ ኢዝማይል ላይ ከሱቮሮቭ ጦር ጋር ያሰልፈዋል። እዚያ ሁዋን አሥር ዓመት የሆናትን ሌይላ የምትባል የሙስሊም ልጅ ከሁለት ኮሳኮች ሰይፍ ያድናታል፤ ከእንግዲህ የኔ ናት ብሎ ይወስዳታል። ይህን ግጥም ሳስተምር ተማሪዎች ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይረኩ ነበር፤ አንድ ወታደር ቢያንስ አንዲት ልጅ አተረፈ ብለው። እኔ ደግሞ ቀጣዩን እንዲያነቡ እገፋፋቸዋለሁ። ሁዋን ልጅቷን ሩሲያ ይወስዳታል፣ ከዚያ እንግሊዝ ይወስዳታል፣ በመጨረሻ ምን ያደርጋታል? ለአንዲት አዛውንት እመቤት እንድታሳድጋት ይሰጣታል። ማዳን ሌላ፣ ማሳደግ ሌላ!

ባይረን ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይመስለኝም። አሌግራ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው፤ ከእናቷ ከክሌር ክሌርሞንት ወስዶ፣ በ1821 ጣሊያን ውስጥ ባኛካቫሎ ከተማ ከሚገኝ የመነኮሳት ገዳም አስገባት። እናቲቱ ብትለምን ብትማጠን አልሰማም። በሚያዝያ 1822 ልጅቷ በአምስት ዓመቷ እዚያው ሞተች። ስለ ኢዝማይልና ስለ ሌይላ የጻፈው በዚያው ዓመት ነው። ገጣሚ ስለሆነ ነው እንጂ ያደረገው ሱቮሮቭ ያደረገውን ነው፤ ከእናት ወስዶ ለተቋም መስጠት። ልዩነቱ የሱቮሮቭ ልጅ ማደጓ፣ እሱም መጻፉን አለማቋረጡ ነው።

ይህ የአንድ የሁለት ሰው ጠባይ ብቻ ነው እንዳንል ናፖሊዮን አለ። ከአውስተርሊትዝ ድል በኋላ፣ በታኅሣሥ 1805፣ በጦርነቱ የወደቁትን ወታደሮች ልጆች በሙሉ በአዋጅ የራሱ ልጆች አደረገ፤ ስሙን በስማቸው ላይ እንዲጨምሩ ሳይቀር ፈቀደላቸው። በዚያው ወር የክብር ሌጎን አባላትን ሴቶች ልጆች የሚያሳድጉ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ አዘዘ። የመጀመሪያው በ1807 ኤኩዋን በሚባል ቤተ መንግሥት ሲቋቋም ናፖሊዮን የሚዋጋው ሩቅ ምሥራቅ ፕሩሲያ ውስጥ ነበር። እዚያው ሆኖ በግንቦት ወር ልጃገረዶቹ ምን እንደሚማሩ በዝርዝር ጻፈ። ላቲን አይማሩ፤ መስፋት ይቻሉ፤ ሃይማኖት ይጥበቅባቸው፤ ከዚያ ቤት የሚወጡት የሚያምኑ ሴቶች እንጂ የሚከራከሩ ሴቶች እንዳይሆኑ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ሰውየው አውሮፓን እያተራመሰ ስለ ሴት ልጅ መርፌና ክር ያስባል። ደግነት ይመስላል፤ ደግነትም አለበት። ነገር ግን ልጅቷን የሚያስበው አባቷ እፎይ ብሎ እንዲሞትለት ነው። ወታደር ልቡ ቤቱ ከቀረ አይዋጋም። ተቋሙ የተሠራው ለአባትየው ልብ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ነገ ለሌላ ወታደር ሚስት ትሆናለች። ቤቶቹ ዛሬም ሳን ደኒና ሌ ሎዥ በሚባሉ ቦታዎች ይሠራሉ፤ ላቲን ግን ከገባ ቆይቷል።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ በሌላ መልክ ነበር የተያዘው። የጥንቱ የኢትዮጵያ ጦር ሲዘምት ብቻውን አይዘምትም። ሚስት፣ ገረድ፣ ልጅ፣ አህያ፣ ድስትና ምጣድ አብረው ይዘምታሉ። አድዋም የተዘመተው እንዲሁ ነው። ሰፈሩ በየማታው የሚተከል፣ በየጧቱ የሚነቀል ከተማ ነበር። በዚህ ከተማ ውስጥ እናቷን ያጣች የዘማች ልጅ ብትኖር ከጎረቤት ድንኳን ሴት አይጠፋም። ውለታው ሕግ የለውም፣ መዝገብ የለውም። ሴት ከሌለችበት አገር ያለ ዘማች ደግሞ ልጁን ለእናቱ ወይ ለእኅቱ ጥሎ ይሄዳል። ሌላም መንገድ ነበር፤ ደስ ባይለንም እንናገረው። ገና በልጅነቷ መዳር። አባት ዘመቻ ከመውጣቱ በፊት ልጅቷን «ሰው ላይ ጣልኳት» ብሎ እፎይ ይላል። የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ከአንዳንዱ ቤት የወጣችው አባት ስለጠላት አይደለም፤ ማን ላይ ጥሏት እንደሚሄድ ስለቸገረው ነው።

ዘመናዊው ጦር ሲመጣ መንግሥት ከሴቲቱ እጅ ድስቱን ተቀበለ። ደመወዝ ቆረጠ፣ ወጥ ቤት አቋቋመ፣ ካምፕ ሠራ። ልጅ ማሳደጉን ግን አልተቀበለም። በጦር ካምፕ ያደገች ሴት ብትጠይቁ የምትነግራችሁ ይህንኑ ነው። አባት ግዳጅ ላይ ነው፤ ፀጉሯን ሹሩባ የምትሠራት የአሥር አለቃው ሚስት ናት፤ ለትምህርት ቤት ወላጅ ጥሩ ስትባል የምትሄደው የሃምሳ አለቃው ሚስት ናት። እነዚህ ሴቶች ከጦሩ ደመወዝ አልተቆረጠላቸውም፤ ኒሻንም አልደረሳቸውም።

መንግሥት አባት ልሁን ያለው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ነው። በ1977 እና በ1978 ኦጋዴን ውስጥ ብዙ አባት ወደቀ፤ በሰሜኑም እንዲሁ። ደርግ በስምጥ ሸለቆ አላጌ ላይ የሕፃናት አምባን አቋቋመ። ከ1979 ጀምሮም ብዙ የሙት ልጆች፣ ሴትም ወንድም፣ ኩባ ውስጥ ወደሚገኘው የወጣቶች ደሴት ተልከው እዚያ ተማሩ። የአምባ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስላደጉበት ቦታ ሲናገሩ በፍቅር ነው፤ ወንድምና እኅት አግኝተዋልና። እኔም ያን ፍቅር አልነካም። ነገር ግን በ1991 ሥርዓቱ ሲወድቅ፣ አባት ልሁን ያለው መንግሥት ራሱ ሞተ። አንዴ በጥይት አባቷን ያጣች ልጅ በሬዲዮ ዜና ሁለተኛ አባቷን አጣች። የአላጌው ግቢ በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆነ።

በዛሬው ዘመን ነገሩን በወረቀት የያዙት አሜሪካኖች ናቸው። ከእኛም ልጆች ዩኒፎርማቸውን የለበሱ ስላሉ ሩቅ ወሬ አይደለም። የእነሱም መንገድ ጠማማ ነበር። በ1951 ፕሬዚዳንት ትሩማን በፈረሙት ትእዛዝ፣ ሴት ወታደር ካረገዘች፣ ወይም የእንጀራ ልጅም ቢሆን ቤቷ ውስጥ ሕፃን ካለ፣ ከሠራዊቱ ልትሰናበት ትችል ነበር። ወንዱን የነካው አልነበረም። ሦስት ሴቶች ልጆች ብቻውን የቀሩት ሳጅን እንኳ ቢሆን፣ ልጆቹን የሆነች ሴት ትይዝለታለች ተብሎ ይታሰባል። እናት ከሆነች ወታደር አይደለችም፤ አባት ከሆነ ግን ወታደር ነው! ይህ አሠራር እስከ 1975 ዘለቀ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ሁለቱንም እኩል ያዘ። ዛሬ በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ወታደር፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ቁጥሩ 5305 የሆነ ቅጽ መሙላት አለበት። እሱ ሲጠራ ልጆቹን ወዲያው የሚረከብ በአቅራቢያው ያለ ሰው ማን ነው? ለረጅም ጊዜ ሲዘምትስ የሚያሳድግ ማን ነው? ሁለቱም ተስማምተው ይፈርማሉ፤ ውክልናም ይያያዛል። በዚያ ቦታ የሚሞላው ሰው ያጣ ወታደር ሊሰናበት ይችላል። ጨካኝ ወረቀት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከናፖሊዮን አዋጅ ይልቅ ይሻለኛል፤ ቢያንስ አባት ልሁን አይልም፣ በአባትየው ምትክ ሌላ ሰው እንደሚያሳድግ በግልጽ ያምናል፣ የዚያን ሰው ስምም ይጠይቃል።

ሱቮሮቭ ይህን ቅጽ ቢሰጡት ኖሮ ሲሞላ ብዙ አይቆይም። «ሶፊያ ደ ላፎን» ብሎ ይጽፋል፤ አድራሻ፦ ስሞልኒ። የልጅቱ እናት የምትኖርበትን አድራሻ የሚጠይቅ መስመር ቢኖርበት ግን ብዕሩን የሚያቆም ይመስለኛል።